እታለም የተኛች ቀን

እህቴን እታለም ነው የምላት። ታላቄ ናት። እኔን ደግሞ፣ ጢሜ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበትም፣ ማሙሽ ማለቷን አልተወችም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሷ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ስትሆን የምትሠራው በከተማው የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ነው፤ ሰው ሲታመም ወይም አደጋ ሲደርስበት የሚደወልበት ቤት ማለት ነው።

ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር አልነበረም። ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው ለእጥበት መመላለስ ስጀምር ግን እታለም ብቻዬን አልሄድ አለችኝ። ኮምፒውተሯን ይዛ ትመጣና አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ትሠራለች። ደሜ በቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ የማደርገው ስለሌለኝ እጠይቃታለሁ፣ ትነግረኛለች። የማወራችሁ ያኔ የቃረምኩትን ነው።

ማዕከሉ ሦስት ትልልቅ ማሽኖች አሉት። አንዱ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ፣ ሁለተኛው እሳት አደጋ መከላከያ ግቢ፣ ሦስተኛው አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው የተቀመጡት። ሦስቱ እንደ አንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይላላካሉ። ይህቺ መኪና ደርሳለች፣ ያቺ በሽተኛ ጭናለች ይባባላሉ። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ሳያቋርጡ የሚላላኩት አንድ ነገር ነው፤ «አለህ?» «አለሁ።»

ጥሪ የሚመዘግበውና መኪኖቹን የሚከታተለው ፕሮግራም በሦስቱም ላይ ይሠራል። ከአንድ በላይ መሆን የሌለበት ግን አንድ የፕሮግራሙ ክፍል አለ። እታለም መዳቢው ትለዋለች። ለየትኛው ጥሪ የትኛው መኪና ይሂድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ከሆነ ሁለቱም ያዛሉ፣ ነገሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ መዳቢው የሚቀመጠው በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ ነበር። ያ ማሽን ሲበላሽ ሰው ተጠርቶ በሌላው ላይ በእጁ ያስነሳዋል።

የሚጠራው ሰው እታለም ነበረች።

በዚህ የተነሳ እህቴ እንደ ሰው ተዝናንታ አታውቅም። ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ትገባለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማዬ «ሂጂ፣ ባልሽ ጠራሽ» ትላታለች። የአክስታችን ልጅ የተዳረች ጊዜ በተነሳነው ፎቶ ላይ ሁላችንም ጥርሳችንን ስናሳይ፣ እታለም ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንበር ጀርባ ተደብቃለች። የሚታየው የጸጉሯ ማስያዣ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጥበት ላይ እያለሁ ፊቷ ፈክቶ መጣች።

«ማሙሽ፣ የእኔ ይሆንሃል ብለዋል።»

«ምንሽ?»

«ኩላሊቴ ነዋ! ጫማዬ መሰለህ?»

ለካ ሳትነግረኝ ስትመረመር ከርማለች። አይሆንም ልላት አፌን ስከፍት «ዝም በል፣ ደም ግፊትህ ይጨምራል» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ጸለየች፣ ከዚያ ሁለታችንንም ከበፊቱ የበለጠ ብሉ ብሉ ማለት ጀመረች።

እታለም ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ኃላፊዋ ገባች። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ወሬውን ስትሰማ ተነስታ አቀፈቻት። ከዚያ መልሳ ቁጭ አለችና የቀን መቁጠሪያዋን አገላበጠች። እታለም ጭንቀቷ ገብቷታል። ቀዶ ጥገና ክፍል የተኛ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ወጥታም ቢሆን ለሳምንታት እንደልቧ አትሆንም። መዳቢውን አንሺ ብትባል የምታነሳ ሌላ ሰው የለም። ለማሠልጠንም ጊዜ የለም።

በዚህ መሐል ከጥግ አንድ ድምፅ መጣ። «እኔ እኮ ይሄን ጥያቄ መጠየቅ ስጀምር ጸጉሬ ጥቁር ነበር።»

ጋሽ ቢሆንስ ናቸው። መንግሥት የሚያውቀው ስም ቢኖራቸውም በዚያ ቤት በእሱ የሚጠራቸው የለም። ለጡረታ የደረሱ መሐንዲስ ናቸው፤ የማዕከሉን ሬድዮና ገመድ የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ ሁሉም ተስማምቶ ሊነሳ ሲል «ይሄ ባይሆንስ? ያ ቢሆንስ?» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። «እታለም ባትኖርስ? ማሽኖቹ ለምን ራሳቸው አያስነሱትም?» ሲሉ ኖረዋል። ሰው ግን የዕለት ሥራው ፋታ አልሰጠውምና «ይታሰብበታል ጋሼ» እያለ ሲያልፋቸው ቆይቷል።

«አሁንስ ይታሰብበት?» አሉ።

«አሁንማ ይሠራ» አለች ኃላፊዋ።

እታለም ከእኔ አልለይም ስላለች ሥራው ወደ እጥበት ክፍሉ መጣ። ጋሽ ቢሆንስ ኮታቸውን አውልቀው፣ ወንበር ጎትተው፣ በአልጋዬ በግራ በኩል ይሰየማሉ። እሷ በቀኝ። እኔ መሐል ላይ ተጋድሜ በላዬ ላይ ይከራከራሉ። ነርሷ መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ ክፍል ቢሮ ሆነ እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ኋላ የምን ሥራ እንደሆነ ስትሰማ ራሷ ሶኬት ፈልጋ ሰጠቻቸው።

የመጀመሪያው አሠራር ቀላል ነበር፤ ለእኔም ገብቶኛል። መዳቢውን የያዘው ማሽን «አለሁ» ማለቱን ካቆመ፣ ከቀሩት አንዱ መዳቢውን ራሱ ያስነሳል። ሰው አይጠራም፣ ስልክ አይጮኽም። እታለም ቶሎ ጨረሰችው። ሞከሩት፣ ሠራ። ሥራ ላይ ዋለ። ኃላፊዋ ደስ ብሏት ለሁሉም ለስላሳ ጋበዘች። ጋሽ ቢሆንስ ብቻ ጠርሙሳቸውን ሳይከፍቱ «ማሽኑ ሳይሞት ድምፁ ብቻ ቢጠፋስ?» አሉ። በዚያ ቀን የሰማቸው የለም።

ብዙም አልቆየ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ወደ ማዕከሉ የሚገባውን የመረጃ ገመድ በጠሱት። የማዕከሉ ማሽን አልሞተም፤ መዳቢውን እንደያዘ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ድምፁ ስለጠፋባቸው ሞቷል ብለው ሌላ መዳቢ አስነሱ። በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ደረታቸውን ያዛቸው። ሚስትየው ደወሉ፤ ጥሪያቸው በማዕከሉ በኩል ገባ። ጎረቤትም ደወለ፤ የእሱ ደግሞ በእሳት አደጋ በኩል። እንደ ወትሮው ቢሆን መዳቢው ሁለቱም ጥሪ ለአንድ ቤት መሆኑን አይቶ አንድ መኪና ይልክ ነበር። አሁን ግን ሁለት መኪና አንድ በር ላይ ተፋጥጠው ቆሙ። ሽማግሌው ሁለት ቃሬዛ ሲገባ አይተው «ምነው፣ ሚስቴንም ልትወስዷት ነው?» አሉ ይባላል።

እዚህ ድረስ ያስቃል። ነገር ግን ከሁለቱ መኪኖች አንዱ ገበያ መሐል እግሯ ተሰብሮ ለወደቀች ሴት መሄድ የነበረበት ነው። ሴትየዋ መኪና እስኪመጣላት መሬት ላይ ተኝታ ስታቃስት ቆየች። ተርፋለች፣ እግሯም ድኗል። ቢሆንም እታለም በዚያ ቀን እህል በአፏ አልዞረም።

በማግስቱ እጥበት ክፍል መጥታ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት «ማሙሽ፣ የቀዶ ጥገናውን ቀን እናራዝመው» አለችኝ። «እንዲህ ትቼው ብተኛ አይሆንም። ሰው ይሞትብኛል።»

እግሮቼ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። ውሃ እንኳ በጠብታ ተለክቶ ነው የሚሰጠኝ፤ ከንፈሬ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግን ምን እላታለሁ? «እሺ» አልኩ።

ጋሽ ቢሆንስ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። «የምን ማራዘም ነው? የልጁን ፊት አታይም እንዴ? የተሳሳትነው አንድ ነገር ነው፤ እሱን እናቃናለን። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«ማሽኖቹ ሦስት ናቸው» አሉ። «ሁለቱ ከተደማመጡ ሥራው የእነሱ ነው። ብቻውን የቀረው መዳቢውን ይዞ ከሆነ፣ ምንም ጤነኛ ቢሆን፣ ያቁም።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ጤነኛ ከሆነ ምን አጠፋና?»

«ምንም አላጠፋም የኔ ልጅ። ግን ከእሱ ሆነህ እየው። ሌሎቹ ድምፃቸው ጠፋ። እነሱ ሞተው ይሁን እሱ ተቆርጦ ቀርቶ ይሁን በምን ያውቃል? ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ ካለ ይተወው። የሚያስነሱት ሌሎቹ ናቸው።»

እታለም ቀና አለች። ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር በራ። «ሌሎቹ ግን ወዲያው እንዳያስነሱ» አለች። «እሱ ማቆሚያ ጊዜ ይፈልጋል። እስኪያቆም ትንሽ ይታገሡ።»

«እንዲያ ነው! ሁለት መዳቢ ከሚኖር ለጥቂት ሰከንድ ምንም ባይኖር ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልተከታተልኩም። ሁለቱም ድምፃቸው እየጨመረ ሄዶ ነርሷ «ኧረ ቀስ!» እስክትል ድረስ በላዬ ላይ ሲነጋገሩ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ታምሜ ከተኛሁባቸው ቀናት ሁሉ ጥሩው ያ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ለቀናት ተጨቃጨቁ። የወደቀው ማሽን ተጠግኖ ሲመለስ መዳቢውን ወደ ቀድሞ ቦታው እንመልሰው አለች እታለም። ጋሽ ቢሆንስ «ለምን ሲባል? በሰላም እየሠራ ያለውን ነገር ለምን ትነቀንቂዋለሽ? የተመለሰው ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጥ» አሉ። ግትር ናት፣ ቶሎ አልተረታችም። በመጨረሻ ስትረታ ግን ከልቧ ነው የተረታችው። «ልክ ነዎት፤ እኔ የለመድኩት ቦታ ላይ ካላየሁት ልቤ አያርፍም፣ ያ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ሙከራ ተጀመረ። ጥሪ በሚቀንስበት ረፋድ ላይ፣ ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሁሉ አስቀድሞ እየተነገረ፣ ገመድ ይነቅላሉ፣ ማሽን ያጠፋሉ። ኃላፊዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ታያለች። አንዱን ሲያጠፉት መዳቢው በሌላው ይነሳል። ገመዱን ሲነቅሉት ብቻውን የቀረው ያቆማል፤ ሌሎቹ ታግሠው ያስነሳሉ። ጋሽ ቢሆንስ «ቢሆንስ» ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ሆኖ ታየ። በመጨረሻ እታለም «ሌላ የቀረ ቢሆንስ አለዎት?» ብትላቸው፣ አሰብ አሰብ አድርገው «ለአሁኑ የለኝም» አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

የቀዶ ጥገናው ጠዋት ሁለታችንም አረንጓዴ ጋውን ለብሰን በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኛን። ጋሽ ቢሆንስ ወደ ሥራ ሲሄዱ በዚያው ሊሰናበቱን ብቅ ብለው ነበር። እታለም ከአልጋዋ ቀና ልትል ሞከረች። «ጋሼ፣ ድንገት የሆነ ነገር ከሆነ...»

«የሆነ ነገር ከሆነ አንቺ ተኝተሻል» አሉ። «በቃ። ተኚ።»

እሷን አስቀድመው ወሰዷት። በሩ ላይ ስትደርስ እጇን አወጣችና ወደ እኔ አወዛወዘች። ከዚያ የማስታውሰው የጣሪያውን መብራት ብቻ ነው።

እኛ ተኝተን ሳለ የሆነውን ኋላ ነው የሰማነው። በማዕከሉ የማሽን ክፍል ጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው በመብራቱ ቀዳዳ እየተንዠቀዠቀ ማሽኑ ላይ ወረደ። ኃላፊዋ ራሷ ሮጣ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው አጠፋችው፤ ማሽኑም አብሮ ጠፋ። መዳቢው ያን ጊዜ የነበረው እዚያ ማሽን ላይ ነው።

በጎን ባለው አዳራሽ ጥሪ የሚቀበሉት ሠራተኞች ስክሪናቸው ለአፍታ ቀጥ አለባቸው። አንዷ «ኔትወርኩ ነው» ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ ወዲያው ተመለሰላት። ይዛው የነበረው ጥሪ ከሕንፃ መወጣጫ ስለወደቀ ግንበኛ ነበር። በእሳት አደጋ ግቢ ያለው ማሽን መዳቢውን አስነስቶ ስለነበር፣ ለግንበኛው የቅርቡን መኪና መደበለት። መኪናው ወጣ። ልጅቷ ቀጣዩን ስልክ አነሳች። በማሽን ክፍሉ ከጣሪያ ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ያወቀችው የጽዳት ሠራተኞች ባልዲ ይዘው በፊቷ ሲሮጡ ስታይ ነው።

እኔ ስነቃ እማዬ ራስጌዬ ቆማለች። የምታየው እኔን አይደለም። ከአልጋዬ ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ነው። «መጣ! ኧረ መጣ!» ትላለች። የሰው ሽንት አይታ እንዲህ የተደሰተች እናት በዓለም ላይ ያለች አይመስለኝም። አዲሱ ኩላሊት ገና ከመገጠሙ ሥራ ጀምሯል።

እታለምን ያስተኟት ሌላ ክፍል ነው። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው «ሽንቱ መጣ?» የሚል ነው አለችኝ የክፍሏ ነርስ። መጣ ሲሏት ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛው ንግግሯን ማንም አልተረዳውም፤ «መዳቢውስ?» ነው ያለችው። ነርሷ የእንቅልፉ መድኃኒት ነው የሚያስለፈልፋት ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ እኔ አመጧት። ገና እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ጋሽ ቢሆንስ ገቡ። ቧንቧው እንደፈነዳ ነገሯት። እታለም ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን አስነሳው?»

«ማንም።»

«እርስዎ አልነኩትም?»

«እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ነበር ያየሁት። ከመነሳቴ በፊት አለቀ። እኔ የነካሁት ውሃ ብቻ ነው፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዓሣ ልታጠምድ ሄደህ ነው ወይ አለችኝ።»

«ኧረ አያስቁኝ፣ ስፌቴ!» አለችና ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከሳቁ መሐል እንባ መጣ። እንባው ሲመጣ ሳቁ ቀረ። የሽማግሌውን እጅ ሳብ አድርጋ ግንባሯን አስደገፈችበት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ስንት ዓመት ሲሉኝ ኖረው...»

ጋሽ ቢሆንስ ደነገጡ። እጃቸውን ሊያነሱ ፈልገው ተዉት። «እኔ ነኝ እንጂ ማመስገን ያለብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ኖሬ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራልኝ ሰው ያገኘሁት አሁን ነው። ጡረታ ሳልወጣ አየሁት። ይበቃኛል።»

ግንበኛውም ተርፏል። እኛው ያለንበት ሆስፒታል ፎቅ ላይ ነው የተኛው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ለእኛ ከምታመጣው ሾርባ ለእሱም መውሰድ ጀመረች። ስለ መዳቢውና ስለ ሦስቱ ማሽኖች፣ ስለ ኩላሊቱም ጭምር ቁጭ ብላ ታወራለታለች። ሰውየው ምንም አልገባውም። «እናት፣ ሾርባው ግን ግሩም ነው፤ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ» ይላታል። ሲሻለው በክራንች እየተደገፈ መጥቶ ጠየቀን።

ጋሽ ቢሆንስ ጡረታ ሲወጡ ሙሉ ልብስ ሰፋሁላቸው። ስለካቸው «ብወፍርስ?» አሉኝ። በስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ተውኩላቸው። እስከ ዛሬ አልወፈሩም። እታለም ወደ ሥራዋ ተመልሳ አሁን ሌሎችን ታስተምራለች። ስልኳን ሌላ ክፍል ትታ መተኛት ለምዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ያለ እሷ ሁሉም ነገር ሲሄድ ቅር ብሏት እንደነበር አልደበቀችኝም። «ትንሽ ከፋኝ፤ ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች።

ባለፈው ለክትትል ሆስፒታል ሄደን ሐኪሙ ሁሉም መልካም ነው ብሎ አሰናበተን። ወደ አውቶቡስ ፌርማታው በእግር እየሄድን ነበር። በአንድ እጇ ብርቱካን ያለበት ፌስታል ይዛለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ላመሰግናት ስሞክር ወሬ እየቀየረች ታመልጠኝ ነበር፤ ወይ ትቀልዳለች፣ ወይ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትለኛለች። በዚያ ቀን ቆምኩ።

«እታለም።»

«ወይ።»

«አመሰግናለሁ።»

ልትቀልድ አፏን ስትከፍት ፊቴን አየችውና ተወችው። ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ ነው። ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔም አመሰግንሃለሁ» አለች። «እንቢ፣ አልወስድም ብትለኝ ምን አደርግ ነበር? እንዲያ ብለህ ሞተህብኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት እኖር ነበር? ተቀበልከኝ። እሺ አልከኝ።»

«አፌን አስያዝሽኝ እንጂ መቼ ጠየቅሽኝ?»

«እሱስ ልክ ነው» አለችና ሳቀች። አውቶቡሱ መጣ። ሰው ሞልቶበታል፤ ከኋላ አንድ ወንበር ብቻ ነበር ባዶ። አንቺ ተቀመጪ፣ አንተ ተቀመጥ ስንባባል አንዲት ተማሪ ተነሳችልንና ሁለታችንም ተቀመጥን። እታለም አንድ ብርቱካን ላጠችና እኩሌታውን ሰጠችኝ።